ለድሬና ለሐረር ልጆች፦ በሞተር መጋዝ ስትሠሩ የምትታጠቁት ቻፕስ

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ደርሳችሁ የዛፍ ቆረጣ ሥራ ስታገኙ፣ መጋዙን ከመንካታችሁ በፊት ቻፕስ ታጠቁ ትባላላችሁ። ወገብ ላይ እንደ ቀበቶ የሚታሰርና የሁለቱን እግሮች ፊት ከጭን እስከ ቡት የሚሸፍን ወፍራም መከላከያ ነው። ድሬ ሽርጥ ለለመደ ሰው ያፍናል፤ ግን ልመዱት።

ቻፕስ የመጋዙን ሰንሰለት የሚያቆመው በጥንካሬው አይደለም። ከላዩ ጨርቅ ሥር እንደ ኬቭላር ያሉ ረጃጅም ክሮች ላላ ብለው ተደራርበዋል። ሰንሰለቱ ላዩን ሲቀድ ክሮቹን ይመዛል፤ የተመዘዘው ክር ሰንሰለቱን በሚያዞረው ባለጥርስ መዘውር ላይ ይጠመጠምና ቀጥ ያደርገዋል። መመዘዝ ያልቻለ ክር ያለበት ቻፕስ ተራ ጨርቅ ነው።

ስትገዙ መለያው ላይ የጥራት መስፈርቱን ቁጥር አንብቡ፦ አሜሪካ ኤኤስቲኤም ኤፍ 1897፣ አውሮፓ አይኤስኦ 11393 ወይም የቀድሞው ኢኤን 381። በአውሮፓው አከፋፈል ደረጃ 1 በሰከንድ 20 ሜትር በሚሮጥ ሰንሰለት የተፈተነ ነው፤ ደረጃ 2 በ24፣ ደረጃ 3 በ28። ትልቁን ቁጥር ለመግዛት አትቸኩሉ። ደረጃው ከፍ ሲል ይከብዳል፣ ይሞቃል፤ በበጋ አውልቃችሁ ከምትሰቅሉት ደረጃ 3 የታጠቃችሁት ደረጃ 1 ይሻላል። መሬት ላይ ለሚሠራ ፊቱን ብቻ የሚሸፍነው ይበቃል፤ ዛፍ ላይ ለሚወጣ ግን እግሩን ዙሪያውን የሚከላከል ዓይነት ሲ ሱሪ ያስፈልጋል። ብዙ ቻፕስ የባትሪና የኤሌክትሪክ መጋዝን ለማቆም አልተሠራም፤ ሞተሩ ክር ተጠምጥሞበትም ገፍቶ ሊዞር ይችላል።

ቁመቱን ቡት አድርጋችሁ ለኩ። ከቡቱ አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ መደረብ አለበት። ከረዘመ በሌላ ቁጥር ቀይሩት እንጂ አትቁረጡት። የእግር ማያያዣዎቹን ሁሉ ቆልፉ፤ አንዱ ክፍት ከሆነ ሰንሰለቱ ሲነካው ቻፕሱ ይዞርና እግራችሁ ይጋለጣል።

አሜሪካ ውስጥ፣ በኦሻ (የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ) ደንብ 1910.266 መሠረት፣ በእንጨት ቆረጣ ሥራ መጋዝ ለሚይዝ ሠራተኛ የእግር መከላከያ የሚያቀርበው አሠሪው ነው፤ ከደሞዝ አይቆረጥም።

የመጋዝ ዘይት ክሮቹን ያጣብቃል፤ ስለዚህ ሲቆሽሽ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ እጠቡትና ሰቅላችሁ አድርቁት። በረኪና፣ በኃይል የሚረጭ ውሃና ማድረቂያ ማሽን አይነኩትም።

ሲቀደድስ? እዚህ ላይ ነው የአገር ቤት ልማዳችን የሚያሳስተን። ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ያለ ሰፊ ቢያገኘው ደቂቃ ሳይፈጅበት ይሰፋዋል፤ ያ ስፌት ግን ክሮቹን ቸንክሮ ይይዛቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ አይመዘዙም። የላዩ ጨርቅ ብቻ ትንሽ ከተጫረ፣ ዘይትና ሰጋቱራ ሳይገባበት፣ አምራቹ በሚፈቅደው ማጣበቂያ ይደፈናል። ሰንሰለት ነክቶት ክር ከወጣ፣ ከላይ ያለው የክር ድርብ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተቆረጠ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ሰጋቱራ ከተጠራቀመ ወይም በበረኪና ከታጠበ ዕድሜው አልቋል። ሰልቫጅ አትግዙ፤ በምን እንደታጠበ ማን ያውቃል?

የጣላችሁትን ደግሞ ቀበቶውንና ማያያዣዎቹን ቆራርጡ። አለዚያ አንዱ «አዲስ ነገር እኮ ነው» ብሎ በሻንጣ ለአገር ቤት ዘመዱ ይዞት ይሄዳል።