«የመስክ ኮንሰርት»ን ሲመለከቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘው «የመስክ ኮንሰርት» እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ የተሣለ የቬኒስ ሥዕል ነው። ሁለት የለበሱ ወጣቶች ሣር ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ሁለት እርቃናቸውን የሆኑ ሴቶች፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ከመንጋው ጋር ያለ እረኛ ይታያሉ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ሴቶቹን ከወጣቶቹ ጋር ለሽርሽር እንደ ወጡ ሰዎች መቁጠር ነው። ወጣቶቹ እርስ በርስ በጨዋታ ተመስጠው ወደ ሴቶቹ አይመለከቱም፤ ስለዚህም በርካታ የሥነ ጥበብ ተመራማሪዎች ሴቶቹን ለወጣቶቹ የማይታዩ የቅኔና የዜማ መንፈሶች አድርገው ይተረጕሟቸዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳምነው ምልክት በስተግራ የቆመችው ሴት ድርጊት ነው፤ ሰው ወደ ጕድጓድ የሚሄደው ውኃ ሊቀዳ ሲሆን፣ እርሷ ግን ከብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ወደ ድንጋዩ ገንዳ መልሳ ታፈስሳለች። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድዋር ማኔ በ1863 ለሕዝብ ባሳየውና ከዚህ ሥዕል መነሻ ባገኘው ሥራው ላይ እርቃኗን የተቀመጠችው ሴት በቀጥታ እኛን ታየናለች፤ የማኔ ሥዕል ያስነሣውን ነውጥ ወደዚህኛው ሥዕል መልሶ ማንበብ አይገባም።

ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቋሚ ፍቺ መፈለግ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱና በዘንዶው መለየት የለመደ ተመልካች ይህን ቢጠብቅ አይፈረድበትም። እዚህ ግን ትርጕሙ የሚወለደው ከነገሮቹ ጉርብትና ነው፦ ቀይ ልብስ የለበሰው ከተሜ ሉት የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ ይዟል፤ ባዶ እግሩን ያለው ጓደኛው የገጠር ሰው ይመስላል፤ ዋሽንቱ፣ ማለትም የእረኛው መሣሪያ፣ በአንደኛዋ ሴት እጅ ነው። ከተማና ገጠር በዜማ የተገናኙበት ይህ አቀማመጥ በዘመኑ በቬኒስ ይወደድ ከነበረው የእረኞች ግጥም ጋር ይስማማል።

ድባቡን ከፊት ገጽታ ብቻ መፈለግም አያዋጣም፤ የሉት ተጫዋቹ ፊት በጥላ ተጋርዷል። ስሜቱን የተሸከሙት የዛፎቹ ጥቁረት፣ በሴቶቹ ገላ ላይ ያረፈው ሞቅ ያለ ብርሃንና በስተኋላ የሚታየው መልክዓ ምድር ናቸው።

በመጨረሻም ሥዕሉ ለረጅም ጊዜ በ1510 ለሞተው ለጆርጆኔ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ትካዜውን ከሠዓሊው በወጣትነት መቀጨት ጋር የሚያያይዙ አሉ። ዛሬ ግን አብዛኞቹ ባለሙያዎች ሥራውን የሚሰጡት በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ለነበረውና ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ለኖረው ለቲሺያን ነው።