የቀትርን ዕረፍት በአግባቡ ስለመጠቀም

በድሬዳዋ የቀትሩ ሙቀት ሥራን በሚያከብድበት ሰዓት፣ የምሳ ዕረፍትን የተጠራቀመ ሥራ ለመጨረስ ከማዋል ይልቅ የስልክን ማንቂያ ሞልቶ ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ ሸለብታ ማድረግ ይመረጣል፤ እንቅልፉ ከዚያ ሲረዝም ሰውነት ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ስለሚገባ ሲነቁ መደንዘዝ ይከተላል። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአፍንጫው የሳበውን አየር ከሳበበት በረዘመ ጊዜ ቀስ አድርጎ ቢያስወጣ የልብ ምቱ ይረጋጋል። ከሰዓት በኋላ የሚቃም ጫትም ሆነ የሚጠጣ ቡና (ጎረቤት ጠርቶ እምቢ ማለት ቢያስቸግርም) የሌሊቱን እንቅልፍ ይሻማል፤ ከቡናው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከተጠጣ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት ባያልፍ ይሻላል። ማምሻውን ደግሞ ከሥራ እንደወጡ ባጃጅ ከመሳፈር በፊት በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ጥቂት በእግር መጓዝ የቢሮውን ሐሳብ ወደ ቤት ይዞ ከመግባት ያድናል።