ወደ ትልቅ ኤስኤስዲ ተዛውሮ አልነሳ ያለ ዊንዶውስ፦ ችግርና መፍትሄ

ኬብሉን ፈትሻችኋል፣ አዲሱ ዲስክ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ይታያል፣ የሰነዶቻችሁም ቅጂ ሌላ ቦታ ተቀምጧል ብዬ እጀምራለሁ። የመጨረሻውን ያላደረገ ሰው ማንበቡን ትቶ መጀመሪያ እሱን ያድርግ።

ምልክት፦ ክሎኑ (የአሮጌውን ዲስክ ይዘት እንዳለ ወደ አዲሱ መቅዳቱ) ያለ ችግር አልቋል፤ አሮጌው ዲስክ ሲነቀል ግን ጥቁር ስክሪን ላይ የሚነሳ ዲስክ የለም የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው ዊንዶውስ ማለት ሲ የሚባለው ድራይቭ ብቻ ይመስለዋል። በዩኢኤፍአይ (የድሮውን ባዮስ በተካው የማስነሻ አሠራር) የሚሠራ ኮምፒውተር ግን አስቀድሞ የሚፈልገው ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀች፣ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት የምትሆን፣ ተደብቃ የምትቀመጥ ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ነው። የማስነሻ ፋይሎቹ ያሉት እዚያ ነው። ሲን ብቻ መርጦ ክሎን ያደረገ ሰው ዕቃውን ሁሉ አጓጉዞ የአዲሱን ቤት ቁልፍ አሮጌው ቤት ረስቶት መጥቷል። ሁለት ዲስክ ባላቸው ዴስክቶፖች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዊንዶውስ መጀመሪያ ሲጫን ሁለቱም ተሰክተው ከነበረ፣ ይህች ፓርቲሽን ፊልምና ፎቶ የሚጠራቀምበት ዲስክ ላይ ልትገኝ ትችላለች።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከክሎኑ በኋላ ሁለቱንም ዲስኮች እንደተሰኩ ትታ ለሳምንታት ሠራች። ኮምፒውተሩ ይነሳ የነበረው ከአሮጌው ነው፤ ሥራዋም ሁሉ የሚቀመጠው እዚያው። ከዚያ አሮጌውን ነቅላ ለዘመድ ሰጠች፤ ዘመድም አዲስ ዊንዶውስ ጫነበት። አዲሱ ዲስክ ላይ የቀረላት እስከ ክሎኑ ቀን ድረስ የሠራችው መዝገብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ክሎኑ እንዳለቀ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ አሮጌውን ንቀሉ፣ በአዲሱ ብቻ አስነሱ። አሮጌውን ፎርማት ለማድረግ ምን አስቸኮላችሁ?

መፍትሄ፦ አሮጌው እንደተነቀለ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነሱና ከጥገናው ምርጫ ወደ ትዕዛዝ መስጫው ግቡ። ዲስክ በሚከፋፍለው ዲስክፓርት በሚባለው ፕሮግራም ትንሿን ፓርቲሽን ፈልጋችሁ ኤስ የሚል ፊደል ስጧት። ከሌለች ከሲ 300 ሜጋባይት ያህል ቀንሳችሁ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ፍጠሩና በፋት32 ፎርማት አድርጓት። ከዚያ ቢሲዲቡት ለሚባለው ትዕዛዝ የዊንዶውስ ማህደር የት እንዳለ፣ ፋይሎቹም ኤስ ላይ ለዩኢኤፍአይ እንዲጻፉ ንገሩት። እዚህ ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል ፊደሉን ሳይሆን ይዘቱን እዩ። ዲስክፓርት ውስጥ ክሊን የምትባለዋን ትዕዛዝ እንዳትነኩ፤ ሳትጠይቅ የዲስኩን ፓርቲሽኖች በሙሉ ትሰርዛለች።

ዲስኩ በአሮጌው የኤምቢአር አሠራር የተከፋፈለ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም። ከ2017 ወዲህ ከዊንዶውስ 10 ጋር በሚመጣው ኤምቢአርቱጂፒቲ በሚባለው ፕሮግራም ወደ አዲሱ የጂፒቲ አሠራር ቀይሩትና ባዮስን ወደ ዩኢኤፍአይ አዙሩ።

ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ፦ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ (ሁለቱም የዲስክ ማገናኛ ዓይነቶች ናቸው) ሲዛወር የዲስኩ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ዲስኩን የሚያነብበት ፕሮግራም፣ አልተነሳ ይሆናል። አንድ ጊዜ በሴፍ ሞድ (አስፈላጊ ነገሮችን ብቻ ይዞ በሚነሳው ዊንዶውስ) ማስነሳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ዲስኩ አድጎ ሲ ካላደገ፦ በሲና በባዶው ቦታ መካከል የጥገና ፓርቲሽን ተቀምጧል። በፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም ወደ መጨረሻው ግፉት፤ መብራት ቢጠፋ ግን ሁሉን ያበላሻልና ዴስክቶፕ ያላችሁ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አትጀምሩ።

ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ከጠየቀ፦ ቁልፉ ከሌላችሁ አሮጌውን ዲስክ መልሳችሁ ሰኩና በእሱ አስነስታችሁ ቢትሎከሩን አጥፉ።

ክሎኑ ያለ ስሕተት አልቆ ፋይሎቹ ተበላሽተው ከተገኙ፦ ዲስኩን በስንት ገዛችሁት? በፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲ የለም። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ነው፤ 2 ቴራባይት ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ይሸጣል፣ ሲሞላም የቀደመውን ፋይል ይደመስሳል። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ጽፎ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ፎርማት ማድረግ ምንም አይለውጥም፤ ለሸጠላችሁ ሰው መልሱለት።