የግሪንሃውስ መስታወት በፕላስቲክ ሲተካ፦ ችግርና መፍትሄ

ለግሪንሃውስ መስታወትን ትቶ ወደ ፖሊካርቦኔት (ጠንካራና ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ) መሄድ ልክ ነው። ሲሰበር ሰው ላይ የሚወርድ ስለት የለውም፣ በረዶ ይችላል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። 4 ሚሊ መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ሲመዝን ባለ ሁለት ግድግዳ (በመካከሉ ክፍት ቦዮች ያሉት) 10 ሚሊ ፖሊካርቦኔት 1.7 ኪሎ ገደማ ነው። ብልሽቱ የሚመጣው ፕላስቲኩን እንደ መስታወት ወይም እንደ ቆርቆሮ ከመግጠም ነው።

ጣሪያው ፀሐይ ሲወጣ ይንቋቋል፣ ሉሁ ይጎብጣል፣ በቪስ ዙሪያ ስንጥቅ ይወጣል

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ይኼ ነው። ፖሊካርቦኔት በሙቀት የሚለጠጠው ከመስታወት ሰባት እጥፍ ያህል ነው፦ በአንድ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ 0.065 ሚሊ። ሌሊት 10 ዲግሪ የነበረ ሉህ ፀሐይ ላይ 60 ቢደርስ፣ 3 ሜትሩ ወደ 10 ሚሊ ይረዝማል። ይህ አንድ ሴንቲሜትር መሄጃ ካጣ ሉሁ ወይ ይነፋል፣ ወይ በቀዳዳው በኩል ይተረተራል።

ቆርቆሮ የለመደ እጅ 6 ሚሊ ቪስ በ6 ሚሊ ቀዳዳ ያስገባና ሮንዴላው ሉሁን እስኪያጎደጉድ ያጠብቃል። ስንጥቁ ሲወጣ ሲሊከን ይለቀለቅበታል። ሲሊከኑ ሲለቅ አጠገቡ ሌላ ቪስ ይጨመራል፤ አዲሱም ቪስ የራሱን ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ መንገድ ወንፊት የሆኑ ጣሪያዎች ብዙ ናቸው። ቪስ መጨመር መፍትሄ አይደለም፤ ችግሩ ራሱ ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ለ6 ሚሊ ቪስ 10 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ፤ ሉሁ ከ3 ሜትር ካለፈ ቀዳዳውን በርዝመቱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጉት። ከጠርዝ ቢያንስ 4 ሴንቲ ራቁ። ሮንዴላው ከ25 ሚሊ የማያንስ ይሁን፣ ከሥሩም የኢፒዲኤም ጎማ (ፀሐይና ዝናብ የሚችል ሰው ሠራሽ ጎማ) ይኑረው። በላይኛው ጫፍ አንድ የቪስ መስመር ብቻ ሉሁን ይያዝ፣ የቀረው ቪስ ሁሉ ያንሸራት። ጎማው ሉሁን ሲነካ ማጥበቁን አቁሙ፤ በእጅ ሲገፋ ሉሁ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ሩብ ዙር ፍቱት።

በፕሮፋይሉ (የሉሁን ጠርዝ በሚይዘው ሐዲድ) ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሜትር 3 ሚሊ ክፍተት ተዉ። ይህ በቀዝቃዛ ጠዋት ለሚገጠም ነው፤ ሉሁ በፀሐይ ከጋለ በኋላ ከገጠማችሁት ቀድሞውኑ ስለረዘመ ክፍተቱ ያንሳል። በተቃራኒው ደግሞ ፕሮፋይሉ ሉሁን ቢያንስ 20 ሚሊ ካልያዘ፣ ሌሊት ሲኮማተር ከቤቱ ይወጣል።

ቀድሞ የተሰነጠቀውስ? ስንጥቁ ከሮንዴላው ሥር ካልወጣ ቀዳዳውን አስፍታችሁ ሰፋ ባለ ሮንዴላ ሸፍኑት። ከወጣ ሉሁን ቀይሩ።

በሉሁ ቦዮች ውስጥ ውኃ፣ አረንጓዴ አልጌ፣ ነፍሳት

ቦዮቹ ወደ ታች በቁልቁለቱ መሄድ አለባቸው፤ አግድም የተኛ ሉህ ገንዳ ነው። ቁልቁለቱ ከ5 ዲግሪ አይነስ፣ 10 ቢሆን ይመረጣል። የላይኛውን ጫፍ ድፍን የአሉሚኒየም ቴፕ፣ የታችኛውን ደግሞ አየርና ውኃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ቀዳዳ ቴፕ ይዝጋው፤ ከዚያ ዩ ፕሮፋይል አልብሱትና የታችኛውን ፕሮፋይል በየ30 ሴንቲው 3 ሚሊ ብሱት። በቅስት ጣሪያ ሁለቱም ጫፎች ወደ ታች ስለሚያዩ ሁለቱም ቀዳዳ ያለው ቴፕ ነው የሚያስፈልጋቸው። የታችኛውን ጫፍ በሲሊከን የሚደፍን ሰው አልጌውን በገዛ እጁ ይዘራል።

ለማጽዳት ሉሁን አውርዱ፣ ቴፑን ላጡ፣ ለዘብተኛ የሳሙና ውኃ አሳልፉበትና በኮምፕሬሰር ንፉት። ጨርሶ ሳይደርቅ ቴፕ አትመልሱ። የደረቀ አልጌ ካልለቀቀ አትታገሉት፣ ቀይሩት። ሲቆረጥ የገባው ብናኝም በዚያው ኮምፕሬሰር ይውጣ።

ሉሁ ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል

ተገልብጦ ተገጥሟል። የፀሐይ መከላከያው ሽፋን ብዙ ጊዜ በአንድ ፊት ብቻ ነው፤ ጽሑፍ ያለው ላስቲክ ያንን ፊት ያሳያል፣ ወደ ውጭም ይዞራል። ላስቲኩን ከመላጣችሁ በፊት ጥግ ላይ ምልክት አድርጉ። በገጠማችሁበት ቀን ደግሞ ላጡት፤ ፀሐይ ከጋገረችው አይለቅም። ለቢጫው መድኃኒት የለውም። ምንም መከላከያ የሌለው ርካሽ ሉህ በየትኛውም ፊት ቢገጠም መጨረሻው ይኸው ነው፤ አትግዙት።

ጸጉር የመሰሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ወይም ደመና የመሰለ ጭጋግ

ኬሚካል ነው። ቲነር፣ አሴቶን፣ ቤንዚን፣ አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃ አይንካው። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊከን አትጠቀሙ፣ ኒውትራል የሚባለውን ግዙ። ለስላሳ የፒቪሲ ማሸጊያም ሉሁን ይበላዋል፤ በኢፒዲኤም ተኩት። ለማጽዳት ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

ነፋስ ሉሁን ነቅሎ ወሰደው

4 ሚሊ ሉህ በመስታወት ፍሬም ላይ በሽቦ ክሊፕ ብቻ ተይዞ ነው። ይታጠፍና ከክሊፑ ያመልጣል። ፍሬሙ ከቻለ 6 ሚሊ አድርጉ፣ ካልቻለ ጠርዙን እስከ ጫፍ የሚጫን የአሉሚኒየም መሸፈኛ ግጠሙ። ነፋስ ሲነሳ በርና መስኮት ይዘጋ።

ሌሎች ምትኮች

አክሪሊክ የሚባለው ሌላ ግልጽ ፕላስቲክ 92 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል፣ ግን ድንገተኛ ምት ይሰብረዋል፤ ለጎን ግድግዳ እንጂ በረዶ ለሚመታው ጣሪያ አይሆንም። ባለ 200 ማይክሮን የግሪንሃውስ ላስቲክ የሚቀደደው መጀመሪያ የጋለ ቧንቧ በሚነካበት ቦታ ነው፤ ቧንቧውን በነጭ ቴፕ ጠቅልሉ። ድኝ የሚረጭበት ቤት ውስጥ ላስቲኩ ከዕድሜው በፊት ያረጃል። መስታወት ግድ ከሆነ ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ይሁን፤ ከተሠራ በኋላ ስለማይቆረጥና ስለማይበሳ ልኩ አስቀድሞ ይወሰድ።

ለጥገና ስትወጡ ሉሁን አትርገጡ። ፖሊካርቦኔት ድንጋይ ይመልስ እንጂ ሰው አይሸከምም። ጣውላ በሁለት የብረት ተሸካሚዎች ላይ አጋድሙና በእሱ ላይ ቁሙ።