ኮምፒውተሩ ድምፅ አልሰጥ ሲል፦ ፎርማት ከማድረግ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ኮምፒውተር ድምፅ አልሰጥ ሲል ቶሎ የሚመጣው ምክር «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን፣ የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ባክአፕ ያልተያዘለት ፎቶና ሰነድ በፎርማት ይጠፋል። ችግሩ ከገመድ ወይም ከሳውንድ ካርዱ (ድምፅ ከሚያወጣው የኮምፒውተሩ ክፍል) ከሆነ ደግሞ ፎርማቱ ምንም አይፈይድም። ድምፅ ከፕሮግራሙ ይነሳል፣ በዊንዶውስና በድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከሳውንድ ካርዱ ጋር በሚያገናኘው ፕሮግራም) በኩል ሳውንድ ካርዱ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ በገመድ ወደ ስፒከር ይሄዳል። የት ጋ እንደተቋረጠ ካወቃችሁ አብዛኛው ሥራ አለቀ።

ይህን የሚያሳይ ጥሩ ቦታ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የስፒከር ምልክት ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሳውንድ ሴቲንግስ ግቡ። ዊንዶውስ 11 ላይ ወደ ታች ወርዳችሁ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ»፣ ዊንዶውስ 10 ላይ «ሳውንድ ኮንትሮል ፓነል» የሚለውን ተጫኑ። ትንሽ መስኮት ይከፈታል። «ፕሌይባክ» የሚለው ስር የድምፅ መውጫዎቹ ተደርድረው ታያላችሁ። አሁን አንድ ዘፈን ክፈቱና ከየስማቸው ጎን ያሉትን መስመሮች ተመልከቱ። ድምፅ የሚያልፍበት መውጫ መስመሩ አረንጓዴ ሆኖ ከፍ ዝቅ ይላል።

መስመሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም

የቱ ስም ጎን ነው የሚንቀሳቀሰው? የሞኒተራችሁ ወይም የቴሌቪዥናችሁ ስም ከሆነ ድምፁ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደዚያ እየሄደ ነው። ሞኒተሩ ስፒከር ከሌለው ምንም አትሰሙም። ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ በተለይ አዲስ ሞኒተር ከተሰካ ወይም ዊንዶውስ አፕዴት ካደረገ በኋላ። «ስፒከርስ» የሚለውን መርጣችሁ «ሴት ዲፎልት» በሉት፣ በቃ።

የሚንቀሳቀሰው «ስፒከርስ» ጎን ከሆነ ኮምፒውተሩ የራሱን ድርሻ እየተወጣ ይመስላል። ስፒከሩን ነቅላችሁ ስልክ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። ስልኩ ላይ ከሠራ ጥፋቱ ቀዳዳው ጋ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ በኩል አረንጓዴው ቀዳዳ የስፒከር፣ ሮዙ የማይክሮፎን፣ ሰማያዊው ከሌላ ዕቃ ድምፅ ማስገቢያ ነው። የፊት ለፊቱ ቀዳዳ ብቻ አልሠራ ካለ ከእሱ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ሳይሰካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ላፕቶፕ ላይ በኢርፎን እየሰማችሁ በራሱ ስፒከር ካልሰማችሁ፣ ኢርፎን ተነቅሎም ላፕቶፑ ገና እንደተሰካ እያሰበ ይሆናል። ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ወይም የጨርቅ ብናኝ ይጠራቀማል። አጥፍታችሁ አየር ንፉበት፣ ከዚያ ኢርፎኑን ደጋግማችሁ ሰክታችሁ ንቀሉ። በመርፌ አትቆርቁሩት።

መስመሩ ጭራሽ አይንቀሳቀስም

ድምፁ ከፕሮግራሙ አልወጣም። «ቮልዩም ሚክሰር» ከፍታችሁ ብራውዘሩ ወይም ማጫወቻው ብቻውን ሚውት ተደርጎ እንደሆነ እዩ። ሁሉም ፕሮግራም ላይ ከሆነ የፍለጋ ሳጥኑ ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ግቡና «ዊንዶውስ ኦዲዮ» እና «ዊንዶውስ ኦዲዮ ኤንድፖይንት ቢልደር» የሚሉት ሁለቱ እየሠሩ መሆናቸውን አረጋግጡ። ራይት ክሊክ፣ ሪስታርት።

ስፒከሯ ላይ ቀይ ምልክት፣ «መውጫ አልተገኘም» የሚል መልዕክት

እዚህ ጋ ነው ድራይቨር የሚጠረጠረው። «ዲቫይስ ማኔጀር» ከፍታችሁ «ሳውንድ፣ ቪዲዮ ኤንድ ጌም ኮንትሮለርስ» የሚለውን ዘርዝሩ።

ስሙ ላይ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት ካለች ሳውንድ ካርዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኢኔብል» በሉት።

ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለበት ሁለቴ ተጫኑትና የሚሰጠውን ኮድ አንብቡ። ኮድ 28 ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 10 ደግሞ ዕቃው መነሳት አልቻለም ነው የሚለው። ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ አይገጥመውም ወይም ተበላሽቷል።

ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ «ድራይቨር» የሚለው ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» ተጫኑ። ቁልፉ ደብዝዞ አልጫን ካለ ወደኋላ የሚመለስበት ድራይቨር የለም። ያኔ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ብላችሁ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት፤ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል።

ኢንተርኔት ለሌለው ሰው በጣም የምወደው መፍትሄ አለ። «አፕዴት ድራይቨር»፣ ቀጥሎ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር»፣ ቀጥሎ «ሌት ሚ ፒክ» በሉና ከዝርዝሩ «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» የሚለውን ምረጡ። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ የማይክሮሶፍት ድራይቨር ነው። ሪልቴክ የተባለው ሳውንድ ካርድ ያለባቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያለ ምንም ዳውንሎድ ይሠራል። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን የኢንቴልን የድምፅ ድራይቨር ጨምሮ ከአምራቹ ዌብሳይት፣ በትክክለኛው የሞዴል ቁጥር መውረድ አለበት። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ» የሚሉ ጥቅሎችን ተዉአቸው። ያልፈለጋችሁትን ፕሮግራም አብረው ያስገባሉ፣ የማይገጥም ድራይቨርም ይጭናሉ።

ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ሳውንድ ካርዱ ጭራሽ ከሌለ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ያለው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ግቡና «ኦንቦርድ ኦዲዮ» ተዘግቶ እንደሆነ እዩ። የባዮስ ባትሪ ሲያልቅ ሴቲንጉ ሊቀያየር ስለሚችል አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ይህን አትዝለሉ።

ድምፅ አለ፣ ግን ይረብሻል

የማያቋርጥ «ኡኡኡም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከሰማችሁ ድራይቨር አትንኩ። የመብራቱ ድምፅ ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉት። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ ጥፋቱ ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወርደው የመብራት መስመር) ጋ ነው። ማከፋፈያው ኧርዝ የለውም፣ ወይም የሶኬቱ ሦስተኛ እግር ተሰብሯል፣ ወይም ቤቱ ራሱ ኧርዝ አልተሠራለትም። ኮምፒውተሩንና ስፒከሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ስኩ፤ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የሲስተም ዩኒቱን ብረት ስትነኩ ከነዘራችሁ ግን ጉዳዩ ከድምፅ አልፏል። ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ድምፁን ለማጥፋት ብላችሁ የኧርዙን እግር አትቁረጡ፤ ሰው ሊገድል ይችላል።

የሚቆራረጥና የሚሰነጣጠቅ ድምፅ ሌላ ነው። በዚያው «ፕሌይባክ» መስኮት «ፕሮፐርቲስ» ገብታችሁ የድምፅ ማሳመሪያዎቹን አጥፉ፣ «አድቫንስድ» ላይ ደግሞ 48000 ኸርዝ ምረጡ። ካልተሻለ ዋይፋዩን ለጊዜው አጥፍታችሁ ስሙ። የዋይፋይ ድራይቨር ኮምፒውተሩን ሲይዘው ድምፁ ይቆራረጣል፤ ያኔ አፕዴት የሚያስፈልገው የዋይፋዩ ድራይቨር ነው።

ብሉቱዝ ሄድሴት ዘፈን ላይ አሪፍ ሆኖ ዙም ላይ እንደ ድሮ ስልክ ከሆነ አልተበላሸም። ማይኩ ሲከፈት ጥራቱ ይወርዳል። ዙም ውስጥ ማይክሮፎኑን የላፕቶፑን አድርጉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ዝም ካለ

እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሆነውን ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አዘጋጁና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሱት፤ ከዚያ ዲስኩ ላይ ሳትጭኑት ለመሞከር የሚለውን ምረጡ። ዲስኩን አይነካውም። እዚያ ድምፅ ከወጣ ሳውንድ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ወደ ድራይቨሩ ተመለሱ። እዚያም ዝም ካለ የማዘርቦርዱ የድምፅ ክፍል ሳይበላሽ አልቀረም። ማዘርቦርድ ከማስጠገን በፊት ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዙ። ጣት የምታክል ነች፣ ብዙዎቹ ያለ ድራይቨር ይሠራሉ። ከሰካችሁ በኋላ ዲፎልት አድርጓት፣ የተበላሸውንም ዲቫይስ ማኔጀር ላይ «ዲስኤብል» በሉት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ወደ እሱ ሊመለስ ይችላል።