ራም ከመግዛታችሁ በፊት የነበረውን አውጥታችሁ እዩት

ዴስክቶፓችሁ ላይ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ልትጨምሩ ካሰባችሁ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉና የነበረውን ራም አውጥታችሁ የተለጠፈበትን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። «ፒሲ3» (PC3) ካለ ዲዲአር3፣ «ፒሲ4» (PC4) ካለ ዲዲአር4 የሚባለው የራም ትውልድ ነው። አይተካኩም፤ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ አይገጥምም፣ እባካችሁ በግድ አትግፉት። ፍጥነት ቢለያይ ብዙም አያሳስብም፤ ባለ2666ው ከባለ2400ው ጋር ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም በ2400 ይሠራሉ።

ያገለገለ ስትገዙ ግን በጣም ተጠንቀቁ። ዋጋው አለቅጥ የረከሰ 16 ጊጋ ከሰርቨር (ለብዙ ተጠቃሚዎች በአንዴ ከሚያገለግል ኮምፒውተር) የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ቢገጥምም ኮምፒውተሩ አይነሳም። «ፒሲ4» ከሚለው ቀጥሎ ካለው የፍጥነት ቁጥር በኋላ ከሰረዟ ቀጥሎ ያለውን ፊደል እዩ፦ «ዩ» (U) ከሆነ የዴስክቶፕ ነው፣ «አር» (R) ከሆነ የሰርቨር ስለሆነ መልሱት።