ጥንቸሏ ፔሌት እምቢ ስትል፣ መጀመሪያ በጠጧን እዩ

ነሐሴ ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ቡላ ሳህኗን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ቡላ ጥንቸላችን ናት። አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በረንዳው ጥግ ባለ ሽቦ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ሌላ ጊዜ የፔሌቱን፣ ያን ተጨምቆ የደረቀ መኖዋን፣ ፌስታል ስነካ ገና ኮሽታውን ሰምታ ሽቦውን ትቧጥጣለች። የዚያን ቀን ዝም። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን «እሷም ፍልሰታን ያዘች እንዴ?» አለች። ሳቅን። ማታ ላይ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጥንቸል ያላቸው ሰዎች ሲደውሉልኝ የምለው አንድ ነው። ሳህኑን ለጊዜው ተዉት፤ በጠጧን እዩ። የጤነኛ ጥንቸል በጠጥ ክብ ነው፣ ደረቅ ነው፣ መጠኑም ተቀራራቢ ነው። ስትሰብሩት ውስጡ የተፈጨ ሣር ይመስላል። ካነሰ፣ ከጠቆረ፣ በፀጉር ተያይዞ እንደ መቁጠሪያ ከተንጠለጠለ ወይም ጭራሽ ከጠፋ፣ ነገሩ የመኖ ምርጫ አይደለም። ቀጥሎ ድርቆሽ ስጧትና እዩ። ድርቆሹን ከበላች ጊዜ አላችሁ። ካልበላች የላችሁም።

ምንም አልበላም ካለች

ድርቆሽም፣ ቅጠልም፣ ፔሌትም ካልነካች ስለ መኖው ማሰብ አቁሙ። አሟታል።

የጥንቸል አንጀት ሳያቋርጥ መንቀሳቀስ አለበት። ከላይ ሣር ሲገባ ነው ከታች ያለው የሚገፋው። መብላት ስታቆም አንጀቷ ይዘገያል። ከዚያ ጋዝ ይሞላል። ጋዙ ያማታል፣ ሲያማት ደግሞ ከናካቴው አትበላም። ጥንቸል ማስመለስ እንኳን አትችልም። ስለዚህ «ነገ ይሻላታል» የሚባለው ነገር ለውሻ ይሠራ ይሆናል፣ ለእሷ አይሠራም።

መለኪያዬ 12 ሰዓት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ የበላች ጥንቸል እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ምንም ካልቀመሰችና በጠጥ ካልጣለች፣ ሥራም ቢሆን ትምህርት ቤትም ቢሆን ይቅርና ሐኪም ጋ ውሰዷት። ጎብጣ ጥግ ከያዘች፣ ጥርሷን ካፋጨች ወይም ጆሮዋ ከቀዘቀዘ 12 ሰዓቱንም አትጠብቁ።

አንድ የራሴ ፈተና አለኝ። አንዲት ዘለላ በሶብላ አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ። ቡላ በሶብላን እምቢ ብላ አታውቅም። የዚያን ቀን ማታ እምቢ አለች። ከወንበሬ የተነሣሁት ያኔ ነው።

ሐኪም እስክትደርሱ አሙቋት። ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሙሉና በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አስቀምጡ። ሆዷን በቀስታ ዳብሱት። ለስላሳ ከሆነ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከአፏ ጎን በኩል ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ መስጠት ይቻላል። ንጹሕ ፔሌት በለብታ ውሃ አርሳችሁ እንደ አጥሚት አቅጥናችሁ መስጠትም ይቻላል። ሆዷ እንደ ከበሮ ከተነፋና ከጠጠረ ግን ምንም እንዳትሰጧት። አንጀቷ ተዘግቶ ከሆነ የምትጨምሩት ሁሉ ጉዳት ነው።

ቤት ውስጥ የተረፈ የሰው መድኃኒት አትስጡ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ስላየሁ ነው። አሞክሳሲሊን በአፍ የተሰጣት ጥንቸል ልትሞትባችሁ ትችላለች። መድኃኒቱ የሆዷን ደግ ባክቴሪያ ገድሎ ለመጥፎው ቦታ ይለቅለታል። ከተማችን ውስጥ ብዙ የእንስሳት ሐኪም የለመደው ውሻና ከብት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «ጥንቸል አክማችሁ ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ቡላን ያየቻት ሐኪም ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጠቻት፣ የሕመም ማስታገሻ ወጋቻት፣ በየስንት ሰዓቱ እንደምናጎርሳት አሳየችን። ሌሊቱን ተራ ገብተን አደርን።

ድርቆሽ ትበላለች፣ ፔሌቱን ብቻ ተወች

እዚህ ላይ ከሆናችሁ ተንፈስ በሉ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የከረጢቱ ነው።

የቡላ ታሪክም የተጀመረው እዚሁ ነበር፤ እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ሐምሌ ላይ 10 ኪሎ ፔሌት በርካሽ አገኘሁና ገዛሁ። ኩሽና ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ከተትኩት። የአዲስ አበባን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጨው እንኳን ውሃ ያወጣል። ፔሌት ማለት ተፈጭቶ የተጨመቀ ሣርና ፉርሽካ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይጠጣል፣ ከዚያ ይሻግታል። ሻጋታው ለዓይን ከመታየቱ በፊት ጥንቸሏ አሽትታ ታውቀዋለች። እኔ «ቀበጠች» ብዬ ያንኑ መኖ በካሮት ደባልቄ አባበልኳት። ትንሽ በላችልኝ። በሽታውን እኔው ነኝ ያጎረስኳት።

እንዴት ይታወቃል? አንዱን ፔሌት በጣታችሁ ስበሩት። ደህናው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እርጥበት የገባበት ይፈረፈራል ወይም ይለመጣል። ከዚያ አሽትቱት። ደህናው ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። የተበላሸው የከረመ ጆንያ፣ የምድር ቤት ዓይነት ሽታ አለው። ተያይዞ የተጓጎለ ካያችሁ ደግሞ ማሽተትም አያስፈልግም።

መፍትሔው መጣል ነው። እናቴ «ፀሐይ ላይ አስጪው» ብላኝ ነበር፤ ለእህል የለመደችው እሱን ነው። ፀሐይ እርጥበቱን ያደርቃል እንጂ ሻጋታው የተወውን መርዝ አያወጣም። ሰባት ኪሎ ተኩል ጣልኩ። አንጀቴ እያረረ። አሁን የምገዛው ሁለት ሁለት ኪሎ ነው። ክዳኑ ጥብቅ ባለ ባልዲ ውስጥ፣ ከወለል ከፍ አድርጌ አኖረዋለሁ። አዲሱን በአሮጌው ላይ አልገለብጥም፤ ባልዲውን አጥቤና አድርቄ ነው የምሞላው።

መኖው ሳይበላሽም እምቢ ልትል ትችላለች። ጥንቸል ለውጥ አትወድም። ፋብሪካው የሣሩን ዓይነት ወይም የፉርሽካውን መጠን ሲቀይር ከረጢቱ ያው ነው፣ ሽታው ግን ሌላ ነው። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱን ግዙ። መጀመሪያ ሦስት እጅ አሮጌ፣ አንድ እጅ አዲስ አድርጉ። ከሦስት አራት ቀን በኋላ እኩል በእኩል፣ ከዚያ ሦስት እጁን አዲስ። በአሥር ቀን ትለምደዋለች። አሮጌው አልቆ ከሆነ ደግሞ ድርቆሹን እንዳሻት እየበላች አዲሱን በቁንጥር ጀምሩ።

የሻጩን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙ መኖ ቤት የሚሸጠው የዶሮና የከብት ነው፤ የጥንቸል ሲያልቅበት «እህቴ፣ መኖ ያው መኖ ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም። የዶሮ መኖ ውስጥ ኮክሲዲያ ለሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተብለው የሚገቡ አንዳንድ መድኃኒቶች ጥንቸልን ይመርዛሉ። መድኃኒት ባይኖረው እንኳን ጥራጥሬው በዝቶ ቃጫው ያነሰ ነው፤ ሆዷ አይችለውም። በአንድ ማንኪያ ከዶሮውም ከጥንቸሉም ጆንያ የሚጨልፍ ሻጭ ካያችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።

ብናኙን አትርሱ። ከረጢቱ ሥር የሚቀረውን ዱቄት ጥንቸል አትበላም፤ አፍንጫዋ ውስጥ ይገባባታል። እኛ ባለቤቶቹ ሳህኑ ሙሉ መስሎን «ትታዋለች» እንላለን። በወንፊት ንፉትና ወንፊቱ ላይ የቀረውን ስጧት። አንዳንዴ ችግሩ ይኸው ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ውሃው

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ደረቅ ፔሌት ያለ ውሃ አይወርድም። የተጠማች ጥንቸል መጀመሪያ የምትተወው ደረቁን መኖ ነው። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ ለአካሏ ብዙ ነው።

ሽቦው ላይ የሚንጠለጠለው ጠርሙስ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ትደርቃለች፣ ትጣበቃለች። ውሃ ያለ ይመስላል፣ አይወርድም። በየጠዋቱ በጣታችሁ ገፋ አድርጉና ጠብ ማለቱን እዩ። ደግሞ የእኛ ውሃ በፈረቃ ነው። ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍርሶ ነው፤ አንዳንዴም የመድኃኒት ሽታው ይከብዳል። እሱን ትታችሁ ጠርቶ የወረደውን፣ ወይም በጀሪካን አድሮ ሽታው የለቀቀውን ስጧት። እኔ ጠርሙሱን ትቼ በከባድ ሸክላ ሳህን ነው የማጠጣት። ትገለብጠዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልገለበጠችውም።

ታነሣለች፣ ትጥላለች

ወደ ሳህኑ ትሮጣለች። ፔሌት ታነሣለች። ሁለቴ ታኝክና ከአፏ ይወድቃል። አገጯ እርጥብ ነው፣ አንዱ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ለስላሳ ቅጠል ካልሆነ አትበላም። ይህ የጥርስ ነው። ርቧታል፣ ማኘክ ነው ያቃታት።

የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የፊቱ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል። የሚሞርደው ድርቆሽ ማኘክ ነው። ፔሌት በትንሽ ማኘክ ስለሚደቅቅ ያን ሥራ አይሠራም። ቀኑን ሙሉ ፔሌት ብቻ ስትበላ የኖረች ጥንቸል የኋላ ጥርሷ ሾሎ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል። ይህን እናንተ ከፊት ለፊት አፏን ከፍታችሁ አታዩትም፤ ሐኪም በመሣሪያ ነው የሚያየው። የፊቱ ጥርስ ረዝሞ ካያችሁ በጥፍር መቁረጫ እንዳትነኩት፤ እስከ ሥሩ ይሰነጠቃል። ጥርሷን ለማስተካከል ማደንዘዣ ካስፈለገና ከዚያ በፊት «አታብሏት» ከተባላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ጥንቸል ስለማታስመልስ እንደ ውሻ ማስራብ አያስፈልጋትም።

ድርቆሽ ከየት? ከሱሉልታ በኩል የሚመጣውን ፈልጉ። ከመስቀል በኋላ የሚታጨደው ገና አረንጓዴነቱ ሳይለቀው፣ መዓዛው ሳይጠፋ ይገኛል። ጭድ ለመኝታ ይሆናል፣ ለምግብ ግን አይተካውም። ከመንገድ ዳርና ከወንዝ ዳር ታጭዶ የሚመጣ ሣር አትስጡ፤ የመኪና ጭስና የከተማው ፍሳሽ ያረፈበት ነው።

ሌሎች ትንንሽ ምክንያቶች

ጠግባ ይሆናል። ቡና ሲፈላ ልጆቹ ፋንዲሻ ይሰጧታል፣ እንግዳው ዳቦ ይቆርስላታል፣ አንዱ ሙዝ ያመጣል። ከዚያ ፔሌት ለምን ትበላ? ለጎልማሳ ጥንቸል በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ 25 ግራም ፔሌት ይበቃል። አንዴ አስመዝኜ በየትኛው ሲኒ እስከ የት እንደሚሞላ ምልክት አድርጌበታለሁ። ኦሪት ጥንቸል ያመሰኳል ይላል፤ ጥንቸል የምታመሰኳው በራሷ መንገድ ነው፤ ሌሊት ለስላሳውን በጠጥ መልሳ ትበላለች። ያ ለስላሳ በጠጥ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቆ ጠዋት ወለል ላይ ከቀረ ፔሌቱ በዝቶባታል። ይህችኛዋ ፔሌት ብትተው እሰየው ነው፤ ቀንሱላት።

ደንግጣ ይሆናል። የዋዜማ ርችት፣ ሥር የገባ የመንገድ ቁፋሮ፣ ደረጃው ላይ የሚጮህ ውሻ። ቤቷን በግማሽ ጨርቅ ሸፍኑና ፀጥ ወዳለው ክፍል አስገቧት። ከዕጣንና ከከሰል ጭስም አርቋት። ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው፤ አፍንጫዋ ከታፈነ ምግቡን ማሽተትም ይሳናታል። ንፍጥ ካላት ግን ሐኪም ይያት።

ወይም አርግዛለች። «ሁለቱም ሴት ናቸው» ብሎ የሸጠላችሁን ሰው ብዙ አትመኑት። እርግዝናው 31 ቀን አካባቢ ነው። ለመውለድ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራት ፔሌት ትቀንሳለች፣ ከደረቷ ፀጉር እየነጨች ጥግ ላይ ትከምራለች። ሳጥን ውስጥ ድርቆሽ ሞልታችሁ አስገቡላት፣ አትነካኳት፣ ወንዱን አውጡት። ወልዳ 12 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋ ደውሉ። ከበላች ግን ሲኒውን ርሱት፤ የምታጠባ ጥንቸል እንዳሻት ትብላ።